ቢጫዋ ማሊያ

የእህቴን ልጅ በ2011 ዓ.ም. ትምህርት ሚኒስቴር ዓዲግራት ዩኒቨርሲቲ ሲመድበው ቤታችን ሐዘን የተቀመጠ ይመስል ነበር። እናቱ ላይ አልፈርድባትም። በ2010 ኅዳር የወልዲያና የመቀሌ ክለቦች ወልዲያ ላይ ሊጋጠሙ ሲሉ ደጋፊ ተጋጭቶ ሰው ሞቷል፤ በዚያው ሰሞን ዓዲግራት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተማሪ ተገድሎ ነገሩ ወደ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎችም ተዛምቷል። ልጁ ግን ሄደ። ለመጀመሪያ ጊዜ ለእረፍት ሲመጣ ለእናቱ ነጠላ፣ ለእኔ በፕላስቲክ ዕቃ የታሸገ ነጭ ማር፣ ለራሱ ደግሞ «ወልዋሎ» የሚል ቢጫ ማሊያ ይዞ እኛ ዘንድ፣ ወሎ ኩታበር ገባ።

«አንተ የወሎ ልጅ አይደለህም እንዴ?» አልኩት ለመቀለድ። «ጋሼ፣ ዶርማችን ውስጥ ወልዋሎን የማይደግፍ እኮ እንቅልፍ የለውም!» አለኝ።

ክለቡ ሙሉ ስሙ ወልዋሎ ዓዲግራት ዩኒቨርሲቲ ነው። ዩኒቨርሲቲ ስለተባለ ግን ተማሪዎች ከክፍል ወጥተው የሚጫወቱበት እንዳይመስላችሁ። አሜሪካኖቹ ዘንድ የኮሌጅ ቡድን የሚባለው ተማሪ የሚጫወትበት ነው። የእኛው ተጫዋች ደመወዝተኛ ነው፤ ዛሬ ዓዲግራት፣ በዝውውር መስኮቱ ማግስት አርባ ምንጭ። የተማሪው ድርሻ መጮህ ነው። ለዚህም ይመስለኛል የእህቴ ልጅ ከትምህርቱ ይልቅ ስለ ጩኸቱ የሚያወራው።

ወልዋሎ ፕሪምየር ሊግ የገባው በ2010 ነው። በ2013 ጥቅምት የትግራዩ ጦርነት ሲጀመር መቀሌ 70 እንደርታ፣ ስሑል ሽረና ወልዋሎ ከሊጉ ወጡ። ውድድሩ ቀጠለ፤ የዚያን ዓመት ዋንጫ ፋሲል ከነማ በላ፤ እኛም ጨፈርን። መቀሌ 70 እንደርታ ያለፈው የተጠናቀቀ ውድድር ሻምፒዮን እንደነበረ በጭፈራው መሐል ያስታወሰ ሰው አላየሁም። እኔም አላስታወስኩም።

ከዚያ ተራው የእኛ ሆነ። በ2014 ጥቅምት ውጊያው ኩታበርና ቦሩ ሜዳ ደረሰ፣ ደሴም በዚያው ወር ተያዘች። እኛ ወደ ደሴ በእግር ወረድን፤ ከደሴም ኮምቦልቻ፣ ከዚያም መንገዱ ወደ ወሰደን። ኅዳር መጨረሻ ደሴ ስትለቀቅ ታኅሣሥ ላይ ተመለስን። በሩ ተገንጥሏል፣ ጎታው ባዶ ነው፣ የእህቴ የጥሎሽ ሣጥን ክዳኑ ተፈልጧል። ከሣጥኑ ሥር ተደብቃ የነበረችው ቢጫ ማሊያ ግን መደቡ ላይ ነበረች። አልተጣለችም። ተዘርግታ፣ እጅጌዎቿ ወደ ውስጥ ተጣጥፈው፣ ጽሑፏ ወደ ላይ። አንድ ሰው አውጥቶ አይቷታል፣ አንብቧታል፣ አጥፎ ትቷታል። ማን እንደሆነ፣ ምን እንዳሰበ እንጃ። እህቴ ልታቃጥላት ክብሪት ስትፈልግ ነበር፤ ክብሪትም ተወስዶ ኖሮ አጣች።

ጦርነቱን ያቆመው የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ተፈረመ። ሦስቱ ክለቦች ወደ ፕሪምየር ሊጉ የተመለሱት በ2017 ነው፤ የክለቦቹም ቁጥር ከ16 ከፍ አለ። «ሳይወዳደሩ እንዴት ይገባሉ?» ያለ ብዙ ነበር። እኔ የምለው፦ ሳይወዳደሩ መች ወጡ? መውጫቸው ሽንፈት ካልነበረ መግቢያቸው በማጣሪያ ይሁን ማለት አይታየኝም።

የወልዋሎ የመመለሻ ዓመት ግን ሳያዩት ቢቀር ይሻል ነበር። ሽንፈት በሽንፈት ላይ ሲደራረብ የሰንጠረዡ ግርጌ ላይ ከረሙ። አንድ ክለብ ዓመታት ፈርሶ ከርሞ፣ ተጫዋቹ ተበትኖ፣ ካዝናው ደርቆ፣ እንደ ኢትዮጵያ መድን ካለ ቡድን ጋር ሲሰለፍ ሌላ ምን ይጠበቃል? መድን የዚያን ዓመት ሻምፒዮን ነው። የእህቴ ልጅ በየሳምንቱ ውጤቱን ከስልኩ ያነብልኛል፤ «አንድ ለዜሮ» ሲል ማን እንዳገባ አልጠይቀውም። እኔ ራሴ፣ ጎታዬ የተገለበጠው ሰውዬ፣ «ዛሬስ አቻ አይወጡም?» እያልኩ ስጠብቅ ራሴን ያዝኩት። ይህን ለጎረቤት አላወራሁም።

ቅሬታዬ ሽንፈቱ ላይ አይደለም። ሊጉ ከ2013 ወዲህ ክለቦቹን በጥቂት ከተሞች ሰብስቦ ያጫውታል፤ በ2017ም እንዲሁ ነበር። ሜዳም ገንዘብም የሌለው አገር ነው፣ ይገባኛል። ነገር ግን የዓዲግራት ሰው ቡድኑ ሲሸነፍ እንኳ በዓይኑ አላየም። ድሮ ቢሆን አውቶቡሳቸው በመቀሌ፣ በወልዲያ፣ በደሴ፣ በኮምቦልቻ አድርጎ ነበር ወደ አዲስ አበባ የሚወርደው። ደሴ ላይ ምሳ ይበሉ ነበር። በ2010 ድንጋይ የተወረወረው በዚያው መንገድ ላይ ነው ትሉኛላችሁ፤ እውነት ነው። ገለልተኛ ከተማ ከድንጋዩ ይገላግለናል። እንግዳ ከመቀበልም ይገላግለናል፤ እኔን የሚከነክነኝ ይሄኛው ነው። ወሎዬ ቤቱ የመጣን ሰው ቡና ሳያጠጣ ሸኝቶ አያውቅም፣ ጠላቱንም ቢሆን። ያ አውቶቡስ ካላለፈ ደግሞ ቡናውን የምናፈላለት የለም።

ደግሞስ «ድኅረ ጦርነት» የሚባለው ወቅት ለማን ነው? እኛ ዘንድ ከ2015 ሐምሌ ወዲህ ሌላ ተኩስ ነው። የወልዲያው ስታዲየም ከ25 ሺህ በላይ ሰው ይይዛል፤ ፕሪምየር ሊግ ግን ደጁን ከረገጠ ቆየ።

ባለፈው ቅዳሜ እዚሁ ኩታበር ልጆቹ ሜዳ ወጥተው አየሁ። ጉም ነበር፤ ከወዲያኛው ጎል ያለው በረኛ አይታይም፣ ድምፁ ብቻ ይሰማል። አንደኛው ቋሚ ባሕር ዛፍ ነው፣ ሌላኛው ለማገዶ ተነቅሎ የድንጋይ ክምር ተተክቷል። ሁለቱ ቡድኖች በልብስ ስለማይለዩ የእህቴ ልጅ ማሊያዋን ለአንዱ አውሶታል፤ ጉልበቱ ድረስ ወርዳለታለች። ኳሷ ወደ እኔ ስትመጣ ሊያነሣ ሮጦ መጣና ደረቱን እያየ፣

«ጋሼ፣ ይሄ የምን ቡድን ነው?» አለኝ።

«የሚሸነፍ ቡድን ነው» አልኩት።

«እኛም ሁለት ለባዶ እየተመራን ነው» ብሎኝ ኳሷን ይዞ ወደ ጉሙ ገባ።