የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ላለባቸው አዋቂዎች የሚሰጥ የሥነ ልቦና ሕክምና፦ ውስንነቱንና ኃፍረቱን ለይቶ የማየት አስፈላጊነት

የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለበት አዋቂ ሰው ከሰው ሲሸሽ ወይም በትንሹ ሲቆጣ፣ ሁኔታው ብዙውን ጊዜ «ተፈጥሮው ነው» ተብሎ ይታለፋል። ይሁን እንጂ ከባሕርይው ጀርባ ለዓመታት ከደረሰበት ፌዝና መገለል የመነጨ ኃፍረት ሊኖር ይችላል። ውስንነቱ በሕክምና የሚወገድ በሽታ አይደለም፤ ኃፍረቱና ጭንቀቱ ግን እርዳታ ሊደረግላቸው ይችላል። ሁለቱን ለይቶ አለማየት ተገልጋዩን ከሚገባው አገልግሎት ያስቀረዋል።

በዚህ ረገድ ትኩረት እያገኘ የመጣው አንዱ ዘዴ፣ እንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ፖል ጊልበርት የቀረጸው ርኅራኄን ማዕከል ያደረገ ሕክምና ነው። በዘዴው መሠረት የሰው ስሜት በሦስት ሥርዓቶች ይመራል፤ እነርሱም ከአደጋ የመጠበቅ፣ የሚፈልጉትን ለማግኘት የመትጋት እና የመረጋጋት ሥርዓቶች ናቸው። ሲናቅ የኖረ ሰው ዘወትር አደጋን በመጠበቅ ስለሚኖር መረጋጋት ይሳነዋል፤ የሰዎችንም ስድብ በራሱ ላይ መድገም ይለምዳል። ሕክምናው ቀስ ብሎ በመተንፈስ፣ ደግ ሰውን በዓይነ ሕሊና በማየትና ለራስ በጎ ቃል በመናገር የመረጋጋት አቅምን ያዳብራል።

ሕክምናው በቡድን ሲሰጥ ተሳታፊው ተመሳሳይ በደል የደረሰባቸውን ሌሎች ያገኛል፤ ችግሩም የእርሱ ጥፋት አለመሆኑን ይረዳል። ለዚህም ትምህርቱ በአጫጭር ዓረፍተ ነገሮች፣ በሥዕልና በድግግሞሽ ይቀርባል፤ ቤተሰብም ልምምዱን በቤት ውስጥ ያግዛል። በብሪታንያ የተካሄዱ አነስተኛ ጥናቶች ራስን የመኮነን ስሜት መቀነሱን ቢያመለክቱም፣ ዘዴው ገና ሰፊ ማረጋገጫ ያስፈልገዋል።

ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት፣ በአንቀጽ 25 ጤናን ያለ አድልዎ የማግኘት መብትን ይደነግጋል። በመሆኑም «ቢነገረውም አይገባውም» በሚል ግምት ብቻ ሰውን ከንግግር ሕክምና ማስቀረት ከስምምነቱ ጋር አይጣጣምም። ሊለወጥ የሚገባው የአነጋገሩ መንገድ እንጂ የተገልጋዩ መብት አይደለም።

የባሕርይ ለውጥ የተመለከቱ ቤተሰቦች ተገልጋዩን በአቅራቢያቸው ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ ሊወስዱት ይገባል። ለውጡ መቼ እንደጀመረና ምን እንደቀደመው ለባለሙያው ማስረዳት፣ የተደበቀ የአካል ሕመም መኖሩ አስቀድሞ እንዲመረመር መጠየቅ፣ አስፈላጊ ሲሆንም የአእምሮ ጤና አገልግሎት ወደሚሰጥ ሆስፒታል የሪፈር ወረቀት ማግኘት ይቻላል። በሁሉም ደረጃ ተገልጋዩ ራሱ ሊጠየቅና ፈቃዱ ሊከበር ይገባል። በሕክምና ክፍል የተገኘው መረጋጋት የሚጸናውም በቤትና በሰፈር ፌዙ ሲቆም ነው።