ብርቱ ኮምፒዩተር በአነስተኛ ኬዝ፦ በሞጣ ለሚካሄድ ምርምር የሚስማማው መጠን

የድኅረ ምረቃ ተማሪ የመስክ መረጃውን የሚሰበስበው በወረዳ ነው፤ የሚያሰላው ግን አብዛኛውን ጊዜ በዩኒቨርሲቲ ከተማ ነው። ከባሕር ዳር በስተደቡብ ምሥራቅ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በሞጣ ስለ አፈር መሸርሸር፣ ስለ ደን ሽፋን ወይም ስለ አካባቢው የአማርኛ አነጋገር የሚያጠና ተመራማሪ ወደ ካምፓስ እስኪመለስ ድረስ መረጃውን ሳያሰላ ይዞ ይቆያል። ከተመለሰ በኋላ መረጃው ጉድለት እንዳለበት ቢገነዘብ ለማሟላት እንደገና ወደ መስክ መውጣት ይኖርበታል፤ በጀቱና የጊዜ ሰሌዳው ይህን የሚፈቅዱለት አልፎ አልፎ ነው። ውሎ አድሮም ተማሪዎች ጥያቄያቸውን ኮምፒዩተሩ ባለበት ስፍራ ልክ መቁረጥ ይጀምራሉ። ይህ ጽሑፍ የሚከራከርለት ሐሳብ እንዲህ የሚል ነው፦ በእጅ ተይዞ የሚጓጓዝ፣ ለቀናት ሳያቋርጥ ማስላት የሚችል አነስተኛ ዴስክቶፕ ለእንዲህ ያለው ምርምር ከላፕቶፕም ከሩቅ ሰርቨርም ይልቅ ይበጃል፤ የሚበጀው ግን ለሞጣ አየር፣ ለሞጣ መብራትና ለሞጣ የጥገና አቅም ተመጥኖ ሲሠራ ነው።

በቅድሚያ የሥራውን ክብደት መመልከት ያስፈልጋል። የአውሮፓ የጠፈር ኤጀንሲ ሴንቲኔል 2 የተባሉት ሳተላይቶች የጮቄን ተራራና ዙሪያውን በየ5 ቀኑ ፎቶግራፍ ያነሣሉ። አንዱ የምስል ቁራጭ 110 ኪሎ ሜትር በ110 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሸፍን ሲሆን፣ በ10 ሜትር ጥራት በየጎኑ 10,980 ነጥቦች አሉት፤ ይህም በአንድ የብርሃን ሞገድ ከ120 ሚሊዮን በላይ ነጥብ ማለት ነው። በዚህ ጥራት የሚነሡት አራቱ ሞገዶች እያንዳንዱ ነጥብ 2 ባይት ይዞ ሲከፈቱ 1 ጊጋባይት ገደማ የማስታወሻ ቦታ ይወስዳሉ። የአንድ ዓመት ተከታታይ ምስል፣ ማለትም 73 ቀን፣ ወደ 70 ጊጋባይት ይጠጋል። ይህን ያህል መረጃ በሰከንድ 5 ሜጋቢት በሚያስተላልፍ መስመር ለማጓጓዝ ያለ አንዳች መቋረጥ 31 ሰዓት ያህል ይፈጃል።

መረጃውን ሳያወርዱ በሩቅ ሰርቨር ላይ ማስላት እንደሚቻል እሙን ነው። ጉግል ኧርዝ ኤንጂንን የመሳሰሉ አገልግሎቶች ለሳተላይት ምስል እጅግ ጠቃሚ ናቸው፤ ደካማ መስመርም ይበቃቸዋል። ነገር ግን መስመሩ ደካማም ቢሆን መኖር አለበት። በ2015 ዓ.ም ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት መቆየቱ የምርምር ሥራን በኢንተርኔት ላይ ብቻ ማንጠልጠል ምን እንደሚያስከትል አሳይቷል። ከዚህም በላይ የሰው ድምፅ፣ የሕመምተኛ መዝገብ ወይም የቃለ መጠይቅ ቅጂ ወደ ውጭ አገር ሰርቨር ሲላክ ከቴክኒክ ጥያቄ በተጨማሪ የሕግ ጥያቄ ያስነሣል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የግል መረጃ ከአገር የሚወጣበትን መንገድ በቅድመ ሁኔታ ወስኗል። እንዲህ ያለውን መረጃ በተሰበሰበበት ስፍራ ማስላት ከሁሉ ይልቅ ቀላሉ የጥንቃቄ መንገድ ነው።

ላፕቶፕ ለዚህ ቀዳሚው ምርጫ መስሎ ይታያል፤ የራሱ ባትሪ አለው፣ ለመያዝም ቀላል ነው። ይሁንና በማስታወቂያው ላይ የሚጠቀሰው ፍጥነት ብዙውን ጊዜ ለአጭር ጊዜ ብቻ የሚዘልቅ ነው። ቀጭኑ አካል ሙቀቱን ማስወጣት ሲያቅተው ፕሮሰሰሩ ራሱን ለመጠበቅ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ሰነድ ለሚጽፍ ሰው ይህ አይታወቅም፤ የአንድን ሞዴል ሥልጠና ለሦስት ቀን ለሚያካሂድ ተመራማሪ ግን የሥራው ዋና ባሕርይ ይሆናል። ራሙና ግራፊክስ ካርዱ በበርካታ ላፕቶፖች ከማዘርቦርዱ ጋር የተበየዱ በመሆናቸው፣ አንዱ ሲበላሽ ወይም አቅሙ ሲያንስ አብዛኛው አካል አብሮ ይጣላል። ዴስክቶፕ ከእነዚህ እክሎች ነጻ ነው፤ የሚነቀፈው በግዝፈቱ ነው። የተለመደው ቁም ኬዝ ከ40 ሊትር በላይ ይዘት ስላለው በሚኒባስ ወንበር ላይ አይመችም። አነስተኛ ኬዝ አስፈላጊ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው፤ ነገር ግን የራሱን ችግር ይዞ ይመጣል።

ችግሩ የሚጀምረው ከአየሩ ነው። ሞጣ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህሉ ብቻ ነው። በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ አንድ ሜትር ኩብ አየር በባሕር ወለል ላይ 1.2 ኪሎ ግራም ሲመዝን፣ በሞጣ 0.9 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። የኮምፒዩተር ማራገቢያ በተወሰነ ፍጥነት ሲሽከረከር የሚገፋው የአየር መጠን ያው ነው፤ የሚገፋው አየር ክብደት ግን ይቀንሳል። ሙቀትን ተሸክሞ የሚወጣው ደግሞ ክብደቱ ነው።

በቁጥር ሲታይ ልዩነቱ ጉልህ ነው። አንድ ጠባብ ኬዝ በሰዓት 60 ሜትር ኩብ አየር ያስተላልፋል፣ በውስጡ ያሉት ዕቃዎችም በድምሩ 300 ዋት ሙቀት ያወጣሉ ተብሎ ቢታሰብ፣ በባሕር ወለል ላይ አየሩ ኬዙን አቋርጦ ሲወጣ 15 ዲግሪ ያህል ይሞቃል። በሞጣ ያው ኬዝ በያው ማራገቢያ 20 ዲግሪ ያህል ያሞቀዋል። ፕሮሰሰሩ ላይ የተገጠመው ሙቀት ማስተላለፊያ ብረትም በስስ አየር ውስጥ ቅልጥፍናው ስለሚቀንስ ልዩነቱ ከዚህም ይሰፋል። የመረጃ ማዕከላትን የሙቀት መመዘኛ የሚያወጣው አሽሬ የተባለው የአሜሪካ መሐንዲሶች ማኅበር ለተለመዱት የሰርቨር ዓይነቶች ከ900 ሜትር በላይ በየ300 ሜትሩ የሚፈቀደው የክፍል ሙቀት በ1 ዲግሪ እንዲቀንስ የሚመክረው ስለዚሁ ነው። በሞጣ ከፍታ ቅናሹ ከ5 ዲግሪ ያልፋል። በእርግጥ የደጋው ቀዝቃዛ አየር የዚህን ኪሣራ ከፊል ይመልሳል። ሆኖም ተማሪው መስኮቱን ዘግቶ በሚሠራበት ጠባብ ክፍል ውስጥ ኮምፒዩተሩ ራሱ ክፍሉን ስለሚያሞቅ በዚህ ማካካሻ ብቻ መተማመን አይገባም።

መፍትሔው ትልቅ ማራገቢያ ከመጨመር ይልቅ ኃይሉን በፈቃድ መገደብ ነው። የፕሮሰሰርና የግራፊክስ ካርድ የኃይል ፍጆታ በአመዛኙ ከፍጥነቱ፣ እንዲሁም ከቮልቴጁ ስኩዌር ጋር አብሮ ይጨምራል። ስለዚህ ፍጥነቱም ቮልቴጁም በ10 በመቶ ሲቀነሱ ፍጆታው 0.9 ሦስት ጊዜ በራሱ ሲባዛ በሚገኘው ልክ፣ ማለትም ወደ 73 በመቶ፣ ይወርዳል። ከላይ የተጠቀሰው 300 ዋት ወደ 220 ዋት ገደማ ዝቅ ሲል፣ በሞጣ አየሩ የሚሞቀው እንደ ባሕር ወለሉ 15 ዲግሪ ያህል ብቻ ይሆናል። የከፍታው ዋጋ በዚህ ስሌት 10 ሰዓት የሚፈጀውን ሥራ ወደ 11 ሰዓት ማራዘም ነው። ይህን ዋጋ አስቀድሞ አውቆ የከፈለ ተመራማሪ ሥራው መቼ እንደሚያልቅ ያውቃል። ሳይገድብ የተወው ግን መሣሪያው በሙቀት ምክንያት ሲፈጥንና ሲዘገይ ያድራል፤ መቼ እንደሚጨርስም አይታወቅም።

ኃይልን መገደብ መብራት ሲጠፋም ይጠቅማል። በአነስተኛ ዩፒኤስ ውስጥ የሚገኘው የ12 ቮልትና የ7 አምፒር ሰዓት ባትሪ በስሙ 84 ዋት ሰዓት ይይዛል። 300 ዋት ለሚወስድ ኮምፒዩተር ይህ በወረቀት ላይ 17 ደቂቃ ያህል ነው፤ የእርሳስ ባትሪ በፍጥነት ሲራገፍ ከስሙ በታች ስለሚሰጥ በተግባር ከዚያ እጅግ ያንሳል። ፍጆታው በግማሽ ቢቀንስ ግን የሚገኘው ጊዜ ከእጥፍ ይበልጣል። ይህም መካከለኛ ውጤትን በዲስክ ላይ አስቀምጦ መሣሪያውን በሥርዓት ለማጥፋት በቂ ነው። መብራት ሲመለስ የሚከሰተውን የቮልቴጅ መዋዠቅ ለመከላከል ስታቢላይዘር መጨመር፣ ፕሮግራሙንም ውጤቱን በየተወሰነ ጊዜ እያስቀመጠ እንዲሠራ አድርጎ መጻፍ የመሣሪያው አካል ተደርገው መቆጠር አለባቸው።

ሦስተኛው መመዘኛ ጥገና ነው፤ የአነስተኛ ኬዝ አፍቃሪዎች ከሁሉ የሚዘነጉትም እርሱን ነው። 17 ሴንቲ ሜትር በ17 ሴንቲ ሜትር የሆነውና ሚኒ አይቲኤክስ የሚባለው ማዘርቦርድ፣ እንዲሁም ኤስኤፍኤክስ የሚባለው ትንሹ ፓወር ሰፕላይ ከ10 ሊትር በታች የሆነ ብርቱ ኮምፒዩተር ለመገንባት ያስችላሉ። ሥራው የሚያስደንቅ ነው። ነገር ግን ፓወር ሰፕላዩ በተቃጠለ ቀን ምትኩን ለማግኘት ወደ አዲስ አበባ መላክ፣ እዚያም ካልተገኘ ከውጭ ማስመጣት ግድ ይሆናል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሬ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው የአንድ ዶላር ዋጋ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ከውጭ በሚመጣ ብርቅ ዕቃ ላይ የተመሠረተ መሣሪያ ለተማሪ ኪስ ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ስለዚህ ለሞጣ የሚስማማው መጠን ከሁሉ ትንሹ አይደለም። 24.4 ሴንቲ ሜትር በ24.4 ሴንቲ ሜትር የሆነውን ማይክሮ ኤቲኤክስ ማዘርቦርድና የተለመደውን ባለ ሙሉ መጠን ፓወር ሰፕላይ የሚቀበል፣ ይዘቱ ከ20 እስከ 25 ሊትር የሆነ ኬዝ ከሁለቱም ወገን የሚፈለገውን ያሟላል። ከቁሙ ኬዝ በግማሽ ያህል ያንሳል፤ በውስጡ ያለው እያንዳንዱ ዕቃ ደግሞ በየትኛውም የኮምፒዩተር ጥገና ቤት የሚታወቅ ነው። በርካታ ማዘርቦርዶች በዚህ መጠን አራት የራም ማስገቢያ ስላላቸው፣ ተማሪው በትንሽ ጀምሮ አቅሙ ሲፈቅድ መጨመር ይችላል። የአየር ማስገቢያው በቀላሉ ተነቅሎ የሚጸዳ ወንፊት ሊኖረውም ይገባል። በበጋ የአቧራ ወራት የተደፈነ ወንፊት ከላይ የተሠራውን የአየር ስሌት ሁሉ ከንቱ ያደርገዋል።

በጀቱ ለዚህ የማይበቃ ተመራማሪ ያገለገለ የቢሮ ዴስክቶፕ መግዛትን ያስባል፤ ሐሳቡም ተገቢ ነው። የግራፊክስ ካርዱ ማስገቢያ ራሱ እስከ 75 ዋት ስለሚሰጥ፣ ተጨማሪ የኃይል ገመድ የማይፈልግ አጭር ካርድ ገጥሞ መጠነኛ ሞዴል ማሠልጠን ይቻላል። ነገር ግን በአነስተኛ የቢሮ ኮምፒዩተሮች ዘንድ ፓወር ሰፕላዩና ማዘርቦርዱ ብዙውን ጊዜ ለዚያ ሞዴል ብቻ የተሠሩ ናቸው። ርካሽነቱን አይቶ ምትክ ዕቃ ማጣቱን አለማየት ሳሩን አይቶ ገደሉን እንዳለማየት ይሆናል። እንዲህ ያለውን የሚመርጥ ሰው ለመለዋወጫ የሚሆን ሁለተኛ ያው ሞዴል አብሮ ቢገዛ ይሻለዋል።

በዚህ ሐሳብ ላይ የሚነሣው ጠንካራው ተቃውሞ ገንዘቡን በአንድ ላይ አሰባስቦ በዩኒቨርሲቲው ትልቅ የጋራ ሰርቨር መግዛት ይሻላል የሚለው ነው። በኮምፒዩተር አቅም ብቻ ሲመዘን ተቃውሞው እውነት አለው፤ የጋራ መሣሪያ ሥራ ፈትቶ የሚቆምበት ጊዜ ያነሰ ነው። እጅግ ግዙፍ የሆነው ስሌትም ወደዚያው መሄድ ይኖርበታል። ነገር ግን የመስክ ምርምር ትልቁ ኪሣራ የማሽን ሥራ መፍታት አይደለም፤ መረጃው በተሰበሰበ ሳምንት ሳይፈተሽ መቅረቱ ነው። በመስክ ላይ ሳለ ምስሉን የመደበ፣ ድምፁን ወደ ጽሑፍ የለወጠ ተመራማሪ ውጤቱ አጠራጣሪ ሆኖ ባገኘው ቁልቁለት ላይ በማግሥቱ ሄዶ ሊቆም ይችላል፤ ቃሉ ያልተለየለትን ተናጋሪም ዳግመኛ ሊጠይቅ ይችላል። ይህን ዕድል በካምፓስ የተቀመጠ ሰርቨር አይሰጥም።

ከዚህ በመነሣት ሁለት እርምጃዎች ተገቢ ይሆናሉ። የድኅረ ምረቃ ክፍሎች የመስክ ጥናት በጀት ሲያጸድቁ አነስተኛ ዴስክቶፕን፣ ዩፒኤስንና ስታቢላይዘርን እንደ ጂፒኤስና እንደ አፈር መመርመሪያ ዕቃ ሁሉ የምርምር መሣሪያ አድርገው ይቁጠሩ፤ ዕቃው ከተማሪ ወደ ተማሪ የሚተላለፍ የክፍሉ ንብረት ቢሆን ወጪው ለዓመታት ይከፋፈላል። እንዲሁም የስሌት ጊዜን እንደ ውጤት የሚያቀርብ ማንኛውም የመመረቂያ ጽሑፍ የፕሮሰሰሩን ስም ብቻ ጠቅሶ ማለፍ የለበትም። ስሌቱ የተካሄደበትን ከፍታ፣ የክፍሉን ሙቀትና በመሣሪያው ላይ የተጣለውን የኃይል ገደብ አብሮ ሊመዘግብ ይገባል። በአንድ ሺህ ሜትር ከፍታና በሞጣ የተለኩ ሁለት የሩጫ ጊዜያት ያለ እነዚህ ቁጥሮች ጎን ለጎን ሊነጻጸሩ አይችሉም።