የግብር ሒሳብን ሥራ ትቶ ሌላ ሥራ ስለ መያዝ

ሰው ደስ በማይለው ሥራ ላይ ብዙ ዓመት ሲቀመጥ የሚጎዳው እርሱ ብቻ አይደለም። ማታ ወደ ቤቱ ሲገባ ፊቱን የሚያዩት ሚስቱና ልጆቹ ናቸውና የጽሕፈት ቤቱ ድካም ከእራቱ ጋራ አብሮ ይቀርባል። ስለዚህም ሥራን መለወጥ የመሥሪያ ቤት ጉዳይ ብቻ መስሎ ቢታይም፣ እኛ ግን የቤተ ሰብ ጉዳይ ነው ብለን ዛሬ በዚህ ገጽ ልንነጋገርበት ወደናል። ከሥራዎች ሁሉ የግብርን ሒሳብ፣ ከአገሮችም ላስታንና የላሊበላን ከተማ ለምሳሌ የመረጥንበት ምክንያት ወደ ታች ሲነበብ ይገለጣል።

የግብር ሒሳብ በቁጥርነቱ እጅግ ከባድ ሥራ አይደለም። መደመርና መቀነስ፣ ከመቶ ስንት እንደሚደርስ ማውጣት፣ ደረሰኝን ከመዝገብ ጋራ ማመሳከር፣ ይህን ሁሉ የተማረ ሰው በጊዜ ብዛት ይለምደዋል። የሚከብደው ከቁጥሩ በስተጀርባ ሰው መኖሩ ነው። ጠላ ሸጣ ልጆቿን የምታሳድግ ሴት መዝገብ የላትም፤ የሒሳብ ሠራተኛው ግን በስሟ የሚጻፈውን ቁጥር ከአንድ ስፍራ ማምጣት አለበት። በ2009 ዓ.ም. ክረምት የአነስተኛ ነጋዴዎች የቀን ገቢ በግምት በተወሰነ ጊዜ፣ በአዲስ አበባና በኦሮሚያ ከተሞች ሱቆች ተዘግተው ብዙ ቅሬታ እንደ ተሰማ አንባቢዎቻችን ያስታውሳሉ። በዚያን ጊዜ ስለ ነጋዴው ብዙ ተባለ። ወረቀቱን ይዞ ከበር ወደ በር ይዞር ስለ ነበረው ገማች ግን ያዘነ ሰው እምብዛም አላየንም። እርሱም ደመወዝተኛ፣ እርሱም የሰው ልጅ ነው። በትልቅ ከተማ ገማችና ተገማች ሳይተዋወቁ ይኖሩ ይሆናል፤ እንደ ላሊበላ ባለ ከተማ ግን የቅዳሜ ገበያ ያገናኛቸዋል፣ ዕድርም አብሮ ያስቀምጣቸዋል።

በዚህም ላይ ወራቱ ራሱ ክፉ ነው። የመንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ስለሚጀምር፣ የግብር ወረፋ የሚበዛው ዝናሙ በማያቋርጥበትና የብዙ ሰው ጎተራ በሚጎድልበት በክረምት ነው። ላስታም ደጋ ነው፤ ላሊበላ 2500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ተቀምጦ፣ ከበላዩ የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4200 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይታያል። ከዚያ የሚወርደው ብርድ ጋቢ ለብሶ ወረፋ የሚጠብቀውንም፣ ከመስኮቱ ወዲያ ተቀምጦ ደረሰኝ የሚቈርጠውንም አይለይም።

የከተማውም ኑሮ አብዛኛው በእንግዳ ላይ የቆመ ነው። ውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ ከገቡ ወዲህ ባለ ሆቴሉ፣ አስጎብኚው፣ በቅሎ አከራዩ፣ መስቀል ሻጩ ሁሉ ከመንገደኛ እጅ ይጎርሳል። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ መንገዱን ዘጋው። ሐምሌ 29 ቀን 2013 ዓ.ም. የሕወሓት ኃይሎች ከተማውን ያዙ፤ ከዚያም ከእጅ ወደ እጅ ሲዛወር ቆይቶ በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወደ መንግሥት እጅ ተመለሰ። ጥቂት እፎይ ሲባል ደግሞ በ2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል ሌላ ውጊያ ተነሣ። እንግዲህ አልጋዎቹ ባዶ የሆኑበትን የእንግዳ ማረፊያ መዝገብ ገልጦ፣ ያለፈው ዓመት ገቢህ ስንት ነበር ብሎ መጠየቅ ሥራው የሆነ ሰው ምን ዓይነት እንቅልፍ ይተኛል? እንዲህ ያለው ሰው አምስት ወይም ስድስት ዓመት ከታገሠ በኋላ «በቃኝ» ቢል አንፈርድበትም። ነገር ግን መልቀቂያውን ከመጻፉ በፊት፣ የሚያሳዝነው ነገር ምን እንደ ሆነ አስቀድሞ ይለይ ዘንድ እንለምነዋለን።

ይህን ለመለየት ወንጌልን ያነበበ ሰው ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ማቴዎስ ከቀረጥ መቀበያው ተነሥቶ ሄደ፤ ወደዚያም ሥራ አልተመለሰም። ስለ ዘኬዎስ ግን የቀራጮች አለቅነቱን ተወ የሚል አልተጻፈም፤ የተጻፈው በግፍ የወሰደውን አራት እጥፍ አድርጎ ለመመለስ መስማማቱ ነው። ዮሐንስ መጥምቅም ቀራጮች መጥተው ምን እናድርግ ባሉት ጊዜ፣ ከታዘዘው በላይ እንዳይወስዱ አዘዛቸው እንጂ ሥራችሁን ልቀቁ አላላቸውም። ስለዚህ የአንዱ ጥሪ ሌላ ነበር፤ ለሌላው ግን መለወጥ የነበረበት አሠራሩ ነበር። ከላስታ የሒሳብ ሠራተኞችም አንዱ የሚያዝነው አለቃው ቁጥር ጨምር ስለሚለው ይሆናል፤ ለዚህ ሰው ክፍል ወይም ወረዳ መዛወር ሊበቃው ይችላል። ሌላው ከልጅነቱ ጀምሮ ማስተማር ወይም መሣል እየወደደ፣ አባቱ ወደ ሒሳብ የመራው ይሆናል፤ ይህ ሰው የትም ቢዛወር አይድንም። ሦስተኛም አለ። እርሱ የሚያዝነው ማንኛውም ሥራ ስለሚሰለቸው ነው፤ ለርሱ የምንመክረው ምክር የለንም።

በላስታ ሥራን ስለ መተውና ስለ መመለስ የሚነገር አንድ ትውፊት አለ። ቅዱስ ላሊበላ በ12ኛው ምዕት ዓመት መጨረሻና በ13ኛው መጀመሪያ የነገሠ ሲሆን፣ ንግሥቲቱ መስቀል ክብራ ትባላለች። እንደሚባለው ንጉሡ በርሷ ምክር ዙፋኑን ለወንድሙ ልጅ ለነአኵቶ ለአብ ለቀቀ። 18 ወር ካለፈ በኋላ የአዲሱ ንጉሥ ወታደሮች የአንድ ድኻ ገበሬ ያለችውን አንዲት ላም ለንጉሥ ማዕድ ብለው ነዱበት። መስቀል ክብራም ይህን ባየች ጊዜ ባሏን ወደ ዙፋኑ ተመለስ አለችው፤ እርሱም ተመለሰ። የታሪክ ሊቁ ታደሰ ታምራት፣ ይህ ትውፊት አጭር የሥልጣን ንጥቂያን የሸፈነ ሳይሆን አይቀርም ብለው ይጠረጥራሉ፤ ሊሆንም ይችላል። እኛ ግን የአገሩ ሰው ነገሩን በዚህ መልክ ማቆየቱን እንወድለታለን። በአማርኛችን «ግብር» ማለት የሚከፈለውም ነው፣ በንጉሥ አዳራሽ የሚበላውም ነው፤ ያቺ ላም በሁለቱም ትርጓሜ ግብር ነበረች። ባልየው ሲለቅም ሲመለስም የመከረችው ሚስቱ ናት። ደግሞም ተመልሶ መግባቱን እንደ ውርደት የቈጠረበት ሰው የለም። በላሊበላ ካሉት አብያተ ክርስቲያናት ቤተ አባ ሊባኖስን መስቀል ክብራ ለባሏ መታሰቢያ እንዳሠራችው ይነገራል፤ ባልና ሚስት በምክር እንዴት ይኖሩ እንደ ነበር ለሚያስብ ሰው ይህ መልካም ምልክት ነው።

ይህን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። በዘመናችን ብዙ ባል መልቀቂያውን ጽፎ ካስገባ በኋላ ለሚስቱ ይነግራታል። ነገሩን ከጎረቤት የምትሰማም አትጠፋም። ይህ አግባብ አይደለም፤ ከደመወዙ ጤፍ የምትገዛው፣ የልጆቹን የትምህርት ቤት ወጪ የምታውቀው፣ ዕቁቡን የምትጥለው እርሷ ናትና። የሒሳብ ሠራተኛውም የሌላውን ቤት ገቢ ሲመዝን ኖሮ የራሱን ቤት ወጪ በወረቀት ጽፎ የማያውቅ ብዙ ነው። እስቲ በአንድ እሑድ ከሚስቱ ጋራ ተቀምጦ፣ ደመወዝ ቢቋረጥ ያለው ገንዘብ ስንት ወር እንደሚያደርስ ይቍጠር። ስድስት ወር የማያደርስ ከሆነ ጥቂት ይታገሥ እንላለን። በውጊያና በበሽታ መንገዱ ደጋግሞ በተዘጋበት አገር ከዚህ ያነሰ ስንቅ ይዞ መውጣት ድፍረት አይባልም።

ምሳሌውን በወንድ አደረግነው እንጂ መዝገቡን የያዘችው ሴት የሆነችበት መሥሪያ ቤትም ብዙ ነው። የርሷ ችግር ይብሳል። እርሷ ልልቀቅ ስትል ዘመድ ሁሉ «እንግዲያው ቤትሽ ተቀመጪ» ይላታል፤ ሌላ ሥራ ልትይዝ እንደ ወጣች የሚረዳላት ጥቂት ነው። ባሏ ከዘመድ ወሬ ይልቅ የርሷን ሐሳብ ቢሰማ ይሻላል።

ሥራውን ለውጦ ስሙን ያስጠራ ሰው እንደሆነ አገራችን አላጣችም። የዓለም ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ በአንኮበር ተወልደው፣ በ1940 ዓ.ም. ገደማ የማዕድን ምሕንድስና እንዲማሩ ወደ እንግሊዝ አገር ተላኩ፤ እዚያም ልባቸው ወደ ሥዕል ስላዘነበለ ትምህርታቸውን ለወጡ። በአዲስ አበባ በአፍሪካ አዳራሽ ውስጥ ያለው ባለ ቀለም የመስተዋት ሥዕል የርሳቸው ሥራ ነው። ነገር ግን ያን ጊዜ እርሳቸው ሚስትና ልጅ የሌላቸው ተማሪ ነበሩና፣ ለባለ ትዳር ሙሉ ምሳሌ አይሆኑም። ከግብር ጋራ በቀጥታ የሚገናኘው የነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ታሪክ ነው። በጀርመን አገር ሕክምና የተማሩት እኒህ ሰው ኋላ የድሬ ዳዋ ጉምሩክ ሹም ሆኑ። ቀረጥ መሰብሰብን እንደ ደረቅ ሥራ አልቈጠሩትም፤ ነጋዴው በየኬላው ስለሚከፍለው ቀረጥ፣ ስለ አገር ሀብትና ስለ ድኽነት ምክንያት አስበውበት «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የሚባለውን መጽሐፍ ጻፉ። መጽሐፉ የታተመው በ1911 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ ነው። «ጦቢያ»ን የጻፉት አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስም በኢጣልያ አገር ሥዕል ተምረው ሳለ፣ በኋላ በዚያው በድሬ ዳዋ ነጋድራስ ሆነዋል። መንገዱ እንግዲህ ወዲያና ወዲህ የሚኬድበት ነው፤ ከሥዕል ወደ ቀረጥ የሄደ እንዳለ ሁሉ ከቀረጥ ወደ ሥዕል የሚሄድም አይነወርም።

ታዲያ በላስታ ያለ ሰው ወደ ምን ይሂድ? ብዙ ወጣት በመጀመሪያ የሚያስበው አስጎብኚነትን ነው። መልካም ሥራ ነው፤ ቋንቋና ታሪክ ለሚወድ ሰው ደስታም አለው። ነገር ግን በቅርብ ዓመታት ከሁሉ አስቀድሞ የተራቡት አስጎብኚዎች ነበሩና፣ ባለ ትዳር ሰው ይህን ብቻውን ተስፋ አድርጎ ደመወዙን ባይለቅ እንመርጣለን። ንብ ማነብም አለ። የአገሩ ስም ራሱ ከንብ ጋራ የተያያዘ ነው፤ ላሊበላ በተወለደ ጊዜ ንቦች ከበውት ንግሥናውን እንደ መሰከሩለት ይነገራልና። የንብ ሥራ ደመወዝ ሳይለቁም በጓሮ የሚጀመር ስለ ሆነ፣ አንድ ሁለት ቀፎ አስቀምጦ ከክረምት በኋላ የሚገኘውን ማር ማየት ብዙ ኪሳራ የለውም።

እኛ ግን ከሁሉ የምንመርጠው አብዛኛው ሰው የማያስበውን ነው። ሒሳቡን ሳይተው ወንበሩን ብቻ ይለውጥ። ያቺ ጠላ ሻጭ፣ ያ ባለ ማረፊያ ቤት፣ ያ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር መዝገብ የሚይዝላቸው ሰው ቢያገኙ ኖሮ በግምት ባልተጎዱ ነበር። ትናንት ገማች የነበረ ሰው ዛሬ ከነጋዴው ጎን ተቀምጦ መዝገብ ቢይዝ፣ የሚያውቀው ዕውቀት ሳይባክን ልቡ ያርፋል። በግብር አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 መሠረት ስለ ግብር ከፋይ ጉዳይ ወኪል ሆኖ ለመሥራት ፈቃድ ማውጣት ያስፈልጋል፤ ያንኑ ፈቃድ በጊዜ ይጠይቅ። ይኸው አዋጅ የግብር ከፋይን ምሥጢር መጠበቅንም ያዝዛልና፣ በመንግሥት ወንበር ላይ ሳለ ያየውን የአንዱን ነጋዴ ገቢ ለሌላው ነጋዴ መሣሪያ እንዳያደርገው ይጠንቀቅ። ማስተማርም እንዲሁ ነው፤ በሙያ ትምህርት ቤት ሒሳብ አያያዝን የሚያስተምር ሰው፣ ሥራውን በወንበሩ ላይ የኖረበት ሲሆን ተማሪው ከመጽሐፍ የማያገኘውን ያገኛል።

ስለ ሐሜትም አንድ ነገር እንበል። «የመንግሥትን እንጀራ ረግጦ ወጣ» የሚል ዘመድ አይታጣም፤ አባት በልጁ የሹመት ስም በሠርግና በተዝካር ላይ ሲኮራ ኖሯልና የሚያዝነው በእውነት ነው። ለዚህ አባት በስልክ ከመንገር፣ ገጠር ድረስ ሄዶ ፊት ለፊት ማስረዳት ይገባል። አባትም ልጁን «በስንት ድካም ያስተማርሁህ» ከማለቱ በፊት፣ እነዚህን ዓመታት እንዴት አድርጎ እንዳሳለፋቸው ይጠይቀው።

የመልቀቂያው ጊዜ በሐምሌ ባይሆን ይሻላል። በሐምሌ ሁሉ ሰው ደክሞት ስለሚቈጣ ያን ጊዜ የተጻፈ ደብዳቤ የቍጣ ደብዳቤ ይሆናል፤ ባልደረቦችም በወረፋው መካከል ብቻቸውን ይቀራሉ። ወረፋው ካለፈ በኋላ፣ ሕጉ የሚጠይቀውን የማስጠንቀቂያ ጊዜ ጠብቆ፣ በእጁ ያለውን መዝገብና ማኅተም ቈጥሮ በፊርማ ያስረክብ። ከርሱ በኋላ የሚቀመጠው ወጣት አገሩን የማያውቅ እንግዳ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የትኛው ማረፊያ ቤት በውጊያው ጊዜ ተዘግቶ እንደ ነበር፣ የትኛዋ ሴት ባሏ ሞቶባት ንግዱን ብቻዋን እንደ ያዘች፣ የትኛው ሱቅ ከሁለት ወንድማማቾች ወደ አንዱ እንደ ተላለፈ ለይቶ በመዝገቡ ኅዳግ ላይ ጽፎለት ይሂድ።