ሲሞን ቤንሰንና ሃያዎቹ የነሐስ ምንጮች

አንባቢ ሆይ፤ ሱቁ በአንድ ቀን እሳት ወደ አመድ የተለወጠበት ሰው ምን ያደርጋል? አንዱ ዕድሉን እየረገመ ይቀመጣል፤ አንዱ አበዳሪ ፍለጋ ይወጣል። የዛሬው ባለታሪካችን ግን ጓዙን ሸክፎ ወደ ጫካ ገባ።

ሲሞን ቤንሰን በ1851 ዓ.ም. (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እንቁጠረው) በኖርዌይ ገጠር ተወለደ። ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ ከቤተሰቡ ጋር ባሕር ተሻግሮ አሜሪካ ገባና በዊስኮንሲን አገር ኑሮውን ጀመረ። እዚያም ሊንክስቪል በምትባል መንደር ሱቅ ከፈተ። ያን ሱቅ ነው እሳት የበላው። ከዚያ በኋላ ወደ ምዕራብ ተጉዞ ኦሪገን ደረሰ፤ በግንድ ቆራጭነትም ተሠማራ።

በዚያን ጊዜ ግንድ ከጫካ የሚጎተተው በበሬ ነበር። ቤንሰን በበሬው ፋንታ የእንፋሎት ሞተርና የባቡር ሐዲድ አስገባ። ይበልጥ ያስገረመኝ ግን የባሕሩ ሥራው ነው። ከ1906 ጀምሮ ግንዶቹን በሰንሰለት እያሳሰረ እንደ ሲጋራ ቅርጽ ያለው፣ ርዝመቱ 250 ሜትር የሚያህል ተንሳፋፊ ክምር ሠራ፤ በጎታች መርከብም ከኮሎምቢያ ወንዝ እስከ ሳን ዲዬጎ፣ ክፍቱን ውቅያኖስ ይዞ አስጎተተው። እዚያ የራሱ መሰንጠቂያ ፋብሪካ ይጠብቀው ነበርና ግንዱ ጣውላ ሆነ፤ ጣውላውም ገንዘብ ሆነ። በ1910 አካባቢ የደን ንብረቱን ሸጦ በፖርትላንድ ከተማ ከታወቁት ባለጸጎች አንዱ ሆነ።

ሀብቱ የተገኘው ዕድሜ ጠገብ ዛፎችን በመጣል መሆኑን ልደብቅህ አልፈልግም። ታዲያ ይኸው ሰው በኮሎምቢያ ሸለቆ የሚገኙትን የመልትኖማንና የዋኪናን ፏፏቴዎች መሬት ገዝቶ በ1915 ለከተማው ሕዝብ ሰጠ። በመልትኖማ ፏፏቴ ላይ ለእግረኛ የሚሆን ድልድይ ያሠራውም እሱ ነው። ለሙያ ትምህርት ቤት 100,000 ዶላር ሰጥቷል፤ ትምህርት ቤቱ ስሙን ይዟል። በ1917 ደግሞ በኦሪገን የአውራ ጎዳና ኮሚሽን ሊቀ መንበር ሆነ።

ግን ስሙን በሰፊው ያስጠራው ውሃ ነው። እንደሚተረከው፣ ሠራተኞቹ በምሳ ሰዓት ቢራ ቀምሰው ሲመለሱ አየና ለምን እንደሚጠጡ ጠየቀ፤ በከተማው መካከል ለጥም የሚሆን ንጹሕ ውሃ የለም አሉት። ይህ ወሬ እውነት ይሁን ጌጥ ልማልልህ አልችልም። የመጠጥ ጠላት መሆኑ ግን የታወቀ ነው። ስብከት አላበዛም፤ በ1912 ለከተማው 10,000 ዶላር ሰጥቶ 20 የነሐስ የመጠጥ ምንጮች በየመንገዱ እንዲተከሉ አደረገ። አንዱ ምንጭ አራት ሳህን አለው፤ ውሃው ከመካከል እየፈለቀ ይወርዳል። እንደኛ ቦኖ ወረፋ የለው፣ እንስራ የለው! ኦሪገን ራሷ መጠጥን በሕግ የከለከለችው ከዚያ ወዲያ፣ በ1916 ነው።

ቤንሰን በ1942 በካሊፎርኒያ አረፈ። ምንጮቹ ዛሬ በቁጥር ከ50 በላይ ሆነዋል። ወደ ፖርትላንድ መሄድ ቢቀናህ ብርጭቆ አትፈልግ፤ ጎንበስ ብለህ ጠጣ።