ነጭ መቀመጫ በአቧራ አገር

በዛሬው ዐምዳችን ስለ መኪና መቀመጫ አያያዝና ጽዳት እንነጋገራለን። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ዳሩ ግን ከሰው ክብር ጋር የሚገናኝበት መንገድ አለና በትዕግሥት ተመልከቱት።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገራችን እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፥ በኤሌክትሪክ የሚሄዱት እየበዙ መጥተዋል። ከእነርሱም አያሌዎቹ መቀመጫቸው ነጭ ወይም ወተት መሳይ ነው። ይህ መልክ ለዓይን ያማረ፥ በፀሐይም እንደ ጥቁሩ የማይግል ነው፤ ነገር ግን በድሬዳዋ ገጠር፥ እንደ ዋሂል ባለው ስፍራ፥ ያለውን አቧራ አይችለውም። ስለዚህ አንዳንዱ ባለመኪና መቀመጫው እንዳይቆሽሽበት ሲል፥ ማሽላ ሲያርም የዋለውን ገበሬ ወይም ጠጉራቸውን ቅቤ የተቀቡትን እናት ከመንገድ ዳር ትቶ ያልፋል። መቀመጫውን ለመጠበቅ ሰው ከተጣለ፥ ጥበቃው ምን ይረባል?

አባቶቻችን የብራናውን መጽሐፍ በእንጨት ገበታ ይደጉሱታል፤ ገበታውን በለፋ ቆዳ ያለብሱታል፤ ከዚያም በማኅደር ይከቱታል። ማኅደሩ የተሠራው መጽሐፉ ሳይነበብ እንዲቀመጥ አይደለም፤ በደኅና ተይዞ ወደ ሩቅ እንዲደርስ ነው እንጂ። የመቀመጫም ጥበቃ እንዲሁ ሊሆን ይገባዋል።

የዛሬው የመኪና ቆዳ በአብዛኛው በላዩ ስስ ቀለም የተቀባ ነው። እድፉ የሚያርፈው በዚህ ቀለም ላይ ስለ ሆነ፥ በኀይል የሚፈትግ ሰው ከእድፉ ጋር ቀለሙንም ይገፈዋል። ሰው ሠራሹ ደግሞ በጨርቅ ላይ የተለበጠ ፕላስቲክ ነው፤ ከፕላስቲኩም ወገን ብዙው በውስጡ የሚያለሰልስ ቅባት አለው። ብርቱ ሙቀትና ቤንዚን ይህን ቅባት ሲያወጡት መቀመጫው ይደርቃል፥ ኋላም ይሰነጠቃል።

እንግዲህ አሠራሩ ይህ ነው። አስቀድሞ አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ ወይም በደረቅ ጨርቅ ማራገፍ ነው፤ አሸዋው ሳይራገፍ በእርጥብ ጨርቅ ቢታሽ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃልና። ቀጥሎ ለብ ባለ ውኃ ጥቂት ጠብታ ለስላሳ ፈሳሽ ሳሙና ጨምሮ፥ ጨርቁን አጥብቆ ጨምቆ፥ በቀስታ መጥረግ ነው። ይህንም አስቀድሞ በማይታይ ጥግ መሞከር ይገባል። ውኃ በመቀመጫው ላይ ማፍሰስ አይገባም፤ በስፌቱ ገብቶ ስፖንጁን ያረጥበዋል። ከዚህ በኋላ ሳሙናውን በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ፥ ውኃውን በደረቅ ጨርቅ ማንሣትና በሩን ከፍቶ በጥላ ሥር ማናፈስ ነው። በረኪና፥ ቤንዚንና የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ፈጽሞ አይቅረቡ። ለማብረቅ ሲባል ቅቤ ወይም ቫዝሊን መቀባትም አቧራን ከመሰብሰብ በቀር ጥቅም የለውም።

ከአቧራ ይልቅ የሚያስቸግረው ቀለም ነው። አዲስ ጂንስ ሱሪና ገና ያልደረቀ ሂና በነጭ መቀመጫ ላይ ምልክት ይተዋሉ፤ ቶሎ ያልተጠረገም ወደ ውስጥ ይሰርጋል። ስለዚህ ከሁሉ የሚበልጠው መድኀኒት፥ ነጭ የጥጥ ጨርቅ ወይም ታጥቦ ታጥቦ ቀለሙ የማይለቅ አንሶላ በመኪናው ውስጥ ማኖር ነው። አንድ ነገር ግን አስተውሉ፤ በመቀመጫው ጎን ኤርባግ ያለበት መኪና እንደ ሆነ፥ ጨርቁ ጎኑን አጥብቆ እንዳይሸፍነው ያስፈልጋል። መኪናውንም በጥላ ሥር ማቆም፥ ጥላ ከሌለ የፊት መስተዋቱን መጋረድ ይገባል።

እንግዲህ አንሶላው ተዘጋጅቶ ሳለ፥ በመንገድ የቆሙትን እናት «ይግቡ፥ እማማ» ለማለት የሚያስቸግር ነገር የለም። ሲወርዱም «አቆሸሽኩብህ» ብለው እንዲሳቀቁ አታድርጓቸው፤ ለአንሶላው አንድ ባልዲ ውኃ ይበቃዋል።