ቦዩን መቅበር ቆሻሻውን ማጥፋት አይደለም

ለማኅበራችን አባላት በሙሉ፤

ከላያችን ያለው የቆዳ ፋብሪካ በሰፈራችን መሐል የሚያልፈውን ቦይ በራሴ ወጪ በቱቦ ልቅበርላችሁ፣ እናንተም በየቢሮው የምታመላልሱትን አቤቱታ ተዉ ማለቱን ባለፈው ስብሰባ ሰምታችኋል። ከአባሎቻችን መካከል «ይሄማ ሲሳይ ነው፣ ቶሎ እንቀበል» የሚሉ አሉ። እኛ በሥራ አመራር ኮሚቴው ያለን አንቀበልም ብለናል። ምክንያታችን በጫጫታው መሐል ስላልተሰማ እዚህ ሰሌዳ ላይ ለጥፈነዋል፤ ቆም ብላችሁ አንብቡት፣ ዓይናቸው ለደከመ አዛውንቶችም አንብቡላቸው።

ቱቦ ሽታውን ይሸፍን ይሆናል፤ ውኃውን ግን አያጥበውም። ከኛ ሰፈር ወጥቶ ትንሹ አቃቂ ይገባል፣ ከዚያ አባ ሳሙኤል፣ ከዚያም አዋሽ። በመንገዱ ላይ ደግሞ ጎመኑና ሰላጣው ይጠጣዋል። ያንኑ ጎመን እኛው ከጉልት ገዝተን ለልጆቻችን እንቀቅላለን። ታዲያ ቱቦው የሚጠቅመው ማንን ነው? አፍንጫችንን ብቻ ነው። የወንዙ ጥፋት በሙሉ የአንድ ፋብሪካ ነው አላልንም፤ የከተማው መጸዳጃም የጋራዡ ዘይትም ይገባበታል። አሁን የምንነጋገረው ግን ከበራችን ፊት ስለሚያልፈው ነው።

ፋብሪካው «ማጣሪያ ውድ ነው፣ የውጭ ምንዛሪ የለም፣ ታገሡን» እያለ ዓመት በዓመት ይተካል። ማጣሪያ ውድ መሆኑን እናውቃለን። ነገር ግን ወደ ማጣሪያው የሚሄደውን ቆሻሻ አስቀድሞ እዚያው ግቢ ውስጥ መቀነስ እንደሚቻል ለምን አይነገረንም?

ከመካከላችን ቆዳ ፋብሪካ ሲሠሩ የኖሩ ሰዎች ስላሉ ሥራውን ጠይቀን ተረድተናል። 1,000 ኪሎ ጥሬ ቆዳ ቢገባ አልቆ የሚወጣው ቆዳ ከ200 እስከ 250 ኪሎ ቢሆን ነው። የቀረው ከፊሉ ውኃ ነው፤ ከፊሉ ግን ጠጉር፣ ሥጋ፣ ሞራ፣ ፍቅፋቂና ቁራጭ ነው። ጥሬው ቆዳ እንዳይበሰብስ በጨው ታሽቶ ነው የሚመጣው። ውኃ ሳይነካው በእንጨት ርብራብ ላይ ቢራገፍ ከጨው ከፊሉ ተሰብስቦ እንደገና ሊሠራ ይችላል፤ ሳይራገፍ ከተዘፈዘፈ ግን ሟሙቶ ይሄዳል፣ የሟሟን ጨው ደግሞ ተራ ማጣሪያ አይዘውም። ርብራብ የውጭ ምንዛሪ ይጠይቃል እንዴ? ጠጉሩንም በኖራና በሰልፋይድ አሟሙቶ ገንፎ ከማድረግ፣ አሠራሩን ቀይሮ ከነሥሩ አስለቅቆ በወንፊት ማውጣት ይቻላል። ያ የገማ እንቁላል የሚመስለው ሽታ የሰልፋይዱ ነው። የተያዘው ጠጉር ከሌላ ጋር ተብላልቶ ማዳበሪያ ይሆናል። ከሥጋው ጋር የሚፋቀው ቅባት ለሳሙና፣ የቀረው ለኮላ ይውላል።

ክሮሙ ግን የብቻው ጉዳይ ነው። ቆዳውን የሚያለፋው እሱ ነው፤ በውድ ይገዛል፣ ከውጭ አገር ይመጣል። በተለመደው አሠራር 100 ኪሎ ክሮም ቢጨመር ቆዳው የሚይዘው ከ60 እስከ 70 ኪሎ ያህሉን ነው። የቀረውስ? አረንጓዴ ሆኖ በቦያችን ሲወርድ ታዩታላችሁ፤ ገንዘብ ነው እኮ የሚፈሰው! መድኃኒቱ የታወቀ ነው። የክሮሙ ውኃ ከሌላው ሳይቀላቀል ለብቻው በጋን ይጠራቀማል፤ ማግኒዚየም ኦክሳይድ የሚባል ዱቄት ይጨመርበታል፤ ክሮሙ ሌሊቱን ከሥር ይዘቅጣል፤ ጥሩው ውኃ ከላይ ይቀዳል፤ ዝቃጩ በሰልፈሪክ አሲድ ሟሙቶ ከአዲሱ ክሮም ጋር ተቀላቅሎ ተመልሶ ሥራ ይገባል። ለቱቦ መቅበሪያ ገንዘብ ያገኘ ፋብሪካ ለዚህ ጋን አጣሁ ቢል ማን ያምነዋል?

«ቁራሌው!» እያለ የሚዞረው ልጅ ባዶ ጠርሙስና የዛገ ቆርቆሮ በገንዘቡ ይገዛል። ምናለሽ ተራ የተጣለ ብረት ምድጃና ምጣድ ማስቀመጫ ሆኖ ይወጣል። ያለቀ ጎማ በረባሶ ይሆናል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው መዶሻና ጉጠት ብቻ ያለው ሰው ነው። መሐንዲስና ላቦራቶሪ ያለው ድርጅት በገንዘቡ የገዛውን ዕቃ ወደ ሰው ደጅ ሲደፋ ግን ያሳፍራል።

በዚህ አጋጣሚ ለእናቶች አንድ ማሳሰቢያ አለን፦ ከፋብሪካው የሚጣለውን የቆዳ ቁራጭና ፍቅፋቂ ከምጣድ ሥር አታንድዱ። በቆዳው ውስጥ ያለው ክሮም ሲቃጠል ወደ ሌላው ዓይነት፣ ስድስተኛ ወደሚባለው ክሮም ሊለወጥ ይችላል፤ ያኛው ካንሰር አምጪ መሆኑ የተረጋገጠ ነው። ጭሱም አመዱም ለልጅ አይሆንም። ፍቅፋቂው እኮ ተፈጭቶና ተጨምቆ የጫማ ውስጥ ሶል ይወጣዋል።

አሁን ደግሞ «ፋብሪካው ከተነካ ይዘጋል፣ ልጆቻችን እንጀራቸውን ያጣሉ» ወደሚለው እንምጣ። ይህ የሚያስፈራ ነገር ነው፤ በየቤቱ እዚያ የሚሠራ ልጅ አለን። ግን ይዘጋ ያለ ማን አለ? ጨው የሚያራግፍ፣ ጠጉር የሚያጣራ፣ ክሮም የሚያጠራቅም ሠራተኛ ይጨመራል እንጂ አይቀነስም። በዚያ ውኃ ውስጥ ከሁላችን በፊት ቆሞ የሚውለውም የራሳችን ልጅ ነው።

ሕጉም ከኛ ጋር ነው። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ብክለት ሊያስከትል የሚችል ሥራ የሚሠራ ሰው፣ የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ሲወስን፣ ቆሻሻን የሚያስቀር ወይም የሚቀንስ ቴክኒክ እንዲተክል፣ ሲቻልም ቆሻሻውን መልሶ እንዲጠቀም ያዛል። ቱቦ ቅበር የሚል ቃል የለበትም። እንግዲህ መሥሪያ ቤቱ እንዲወስን የሚያደርገው ያ ተዉ የተባልነው አቤቱታ ነው።

«የሰፈር ማኅበር ምን አቅም አለው?» ለሚሉን ደግሞ የህንዱን እንንገራችሁ። በታሚል ናዱ ክፍለ ግዛት የቬሎር ከተማ ዜጎች ማኅበር፣ ፓላር ወንዝን ባበላሹ ቆዳ ፋብሪካዎች ምክንያት እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄደ። በ1996 እ.ኤ.አ. ፍርድ ቤቱ በካይ ይክፈል ብሎ ፈረደ፤ ፋብሪካዎቹ እያንዳንዳቸው 10,000 ሩፒ እንዲቀጡ፣ ማጣሪያ እንዲያቆሙ፣ ካላቆሙም እንዲዘጉ አዘዘ። እነሱም እንደኛ የመንደር ሰዎች ነበሩ።

ስለዚህ ለፋብሪካው የምንሰጠው መልስ፣ የቱቦውን ገንዘብ ለጨው ርብራቡና ለክሮሙ ጋን ያውል፣ ሥራውንም ሦስት የማኅበሩ አባላት በየወሩ ገብተው ይዩ የሚል ነው። አቤቱታውን አንተውም። ውሳኔው የጠቅላላ ጉባኤው ነው፤ እሑድ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በማኅበሩ አዳራሽ እንገናኝ። ቱቦውን እንቀበል የሚሉትም ከጀርባ ማማቱን ትተው መጥተው ፊት ለፊት ይናገሩ።

የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት