«ክፍለ ሀገር ከሆነ መላኪያ አለው»



ባለፈው የእረፍት ጊዜ ቆቦ ቤተሰብ ጋ ሆኜ አንድ ያገለገለ ሳይንቲፊክ ካልኩሌተር በቴሌግራም ጨረታ ተጫርቼ ገዛሁ። ሻጩ አዲስ አበባ ነው። ፎቶውን ለጥፎ «መነሻ 600፣ እስከ ማታ 3 ሰዓት ከፍ ያደረገ ይወስዳል» ብሎ ጻፈ። አምስት ስድስት ሰው ተጫረትን፤ 1,100 ብር ላይ እኔ ጋ ቆመ። ሻጩ ገንዘቡን በቴሌብር ከተቀበለ በኋላ «የት ነህ?» ሲል ጠየቀኝ። ቆቦ አልኩት። «ክፍለ ሀገር ከሆነ መላኪያ አለው፤ መኪናው 400 ይወስዳል» አለ። ብሩ እጁ ገብቷል፤ ምን እላለሁ? ጨመርኩለት። በማግስቱ የመኪናውን ታርጋና የረዳቱን ስልክ ላከልኝ፤ መናኸሪያ ሄጄ ተቀበልኩ። ረዳቱን እንዲያው ለወሬ ያህል «ለእንዲህ ዓይነት ዕቃ ስንት ትቀበላላችሁ?» ብለው «ለዚች? 150 ነው የሰጠኝ» አለኝ።

የ250 ብሩ ነገር ያን ያህል አላንገበገበኝም። ካልኩሌተሩም ደህና ነው፤ ይኸው እስከ ዛሬ እየተፈተንኩበት ነው። ያልተዋጠልኝ «መኪናው ይወስዳል» የምትለዋ ቃል ናት።

ሻጩ «እኔ ቆቦ ድረስ ለማድረስ 400 አስከፍላለሁ» ቢለኝ ኖሮ ይህን ጽሑፍ አልጽፍም ነበር። ያ ዋጋ ነው። ነጋዴ ለድካሙ ዋጋ ይጠራል፤ ገዢ ይቀበላል ወይም ይተወዋል። «መኪናው 400 ይወስዳል» ሲል ግን ዋጋ እየጠራ አይደለም፤ ወጪውን እየነገረኝ ነው። የቡዩዕን ምዕራፍ የቀራ ሰው ልዩነቱን ያውቀዋል። ሙራበሓ ማለት ሻጩ ዕቃውን ያገኘበትን ዋጋ ተናግሮ፣ ከዚያ ላይ የታወቀ ትርፍ ጨምሮ የሚሸጥበት ሽያጭ ነው። ዑለሞች ይህን በአማና ላይ ከቆሙ ሽያጮች ይቆጥሩታል፤ ምክንያቱም ገዢው የሚደገፈው በሻጩ ቃል ላይ ብቻ ነው። ሌላ ሻጭ በ100 ገዝቶ በ300 ቢሸጥ ማንም አይጠይቀውም፤ የሙራበሓ ሻጭ ግን በ100 የገዛውን «በ110 ገዛሁት» ካለ አማናውን በላ። መላኪያውንም እኔ የማየው በዚህ ዓይን ነው። ረዳቱ 150 የተቀበለበትን 400 ማለት ማትረፍ ሳይሆን መዋሸት ነው። ገንዘቡ ያው ሆኖ ሁለት ቃል ቢቀየር ሐላል ሊሆን ይችል የነበረውን ነገር ሰውየው በገዛ እጁ አበላሸው።

ሻጮችንም ላለመበደል፣ መላክ ቀላል ሥራ አይደለም። ዕቃው በካርቶንና በፕላስተር ይታሸጋል፤ ስምና ስልክ ይጻፍበታል፤ በታክሲ መናኸሪያ ይኬዳል፤ ወደ ወሎ የሚወጣ መኪና ይፈለጋል፤ ረዳት ይለመናል። ግማሽ ቀን ሄደ ማለት ነው። ከአዲስ አበባ ቆቦ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በደብረ ሲና፣ በኮምቦልቻና በደሴ አልፎ፣ ወልድያ ደርሶ ገና 50 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀረዋል። ነዳጅ በጨመረ ቁጥር ረዳቱም ይጨምራል። መንገድ ሲዘጋ ደግሞ ዕቃው የት እንደቀረ የሚጠየቀው ሻጩ ነው። የምህንድስና ተማሪ በመሆኔ አንድ ነገር ልጨምር፦ በአውሮፕላን የኩሪየር ጭነት አንድ ካርቶን የሚከፍለው በሚዛን ብቻ አይደለም። ርዝመት፣ ወርድና ቁመቱ በሴንቲ ሜትር ተባዝቶ ብዙ ጊዜ ለ5,000 ይካፈላል፤ የተገኘው ከሚዛኑ ከበለጠ በእሱ ይከፈላል። 40 በ30 በ20 የሆነ ካርቶን በውስጡ ጥጥ ቢሆንም እንደ 4.8 ኪሎ ይቆጠራል። የኛ አገር ረዳት ይህን ቀመር አያውቅም፤ ዕቃውን አንዴ፣ ሰውየውን አንዴ አይቶ ዋጋውን ይናገራል። ብቻ ይህ ሁሉ ድካም ዋጋ አለው፤ ሻጭ «የማሸግና የመመላለሻዬን ጨምሮ 400» ይበል፣ ይውሰድ። እዚህ ላይ ጠብ የለኝም።

ተንኮሉ በእኛ አልተጀመረም። ኢቤይ የተባለው የአሜሪካ የኢንተርኔት ጨረታ ገበያ በ1995 እ.ኤ.አ. ከተቋቋመ በኋላ ለዓመታት ከሻጭ የሚወስደው ኮሚሽን በዕቃው የመዝጊያ ዋጋ ላይ ብቻ ነበር፤ መላኪያው ላይ ኮሚሽን አልነበረም። ሻጮች ቶሎ ገባቸው። ዕቃውን በሳንቲም አቅርቦ መላኪያውን ማናር ተለመደ፤ ርካሽ የመሰለው ዕቃ ሲደመር ውድ ሆነ። ኢቤይ በ2011 እ.ኤ.አ. ኮሚሽኑን መላኪያውን ጨምሮ በጠቅላላው ላይ ማስላት ጀመረ። ያደረገው ስብከት አይደለም፤ መላኪያውን ከዋጋው እኩል ቆጠረው። የኛ የቴሌግራም ቻናል ኮሚሽን የሚቆርጥ ባለቤትም፣ የሚቆጣጠር ሰውም የለውም። ያለን ተቆጣጣሪ አንድ ነው፤ እሱን ደግሞ ሁላችንም እናውቀዋለን፣ ሱብሓነሁ ወተዓላ።

ከመጠኑ ይበልጥ የከነከነኝ ግን የተነገረበት ሰዓት ነው። አዲስ ዘመን ጋዜጣ ላይ የሚወጣ የጨረታ ማስታወቂያ አንብባችሁ ከሆነ ቋንቋው ደረቅ ነው፤ ነገር ግን ንብረቱ የት እንደሚገኝ፣ መቼ ሄዶ ማየት እንደሚቻል፣ ለጨረታ ማስከበሪያ ስንት እንደሚያዝ፣ አሸናፊው በስንት ቀን ውስጥ ማንሳት እንዳለበት ቀድሞ ይነገራል። ተጫራቹ መኪና እንደሚከራይ አስቦ ነው ዋጋውን በፖስታ የሚያሽገው። እኔም እጄ እስኪገባ ድረስ ካልኩሌተሩ ከ1,200 ብር በላይ አያወጣም ብዬ ነበር። መላኪያው 400 እንደሆነ ባውቅ 800 ላይ አቆም ነበር፤ ዕቃውንም ምናልባት የአዲስ አበባ ልጅ ይወስደው ነበር። መላኪያ ከጨረታው በፊት ሲነገር ተጫራች ከዋጋው ላይ ይቀንሰዋል። ከጨረታው በኋላ ሲነገር ግን የሚቀነስበት ቦታ የለም፤ ሩቅ ያለው ሰው ላይ ብቻ ያርፋል። አዲስ አበባ ያለ ተጫራች ቢያሸንፍ ኖሮ ይህን ጥያቄ ጨርሶ አይሰማም ነበር።

ሩቅ ያለ ገዢ ሌላም ችግር አለበት፤ ዕቃውን አላየውም። በሻፊዒይ መዝሀብ በጠነከረው አቋም ያልታየ ዕቃ ሽያጭ አይጸናም። ሐነፊዮች ይፈቅዱታል፤ ነገር ግን ገዢው ሲያየው ሽያጩን የመተው ምርጫ ይሰጡታል። ፎቶ እንደ ማየት ይቆጠራል ወይ የሚለውን ለኡስታዞቻችን ልተወው። እኔን የገረመኝ ሁለቱም መዝሀቦች በየመንገዳቸው ላላየው ሰው መቆማቸው ነው። ቴሌግራም ላይ ግን «ካልተስማማህ መልስ» ቢባል እንኳ ቆቦ ያለ ሰው አይመልስም፤ ለመመለሻው ሌላ መኪና፣ ሌላ ረዳት፣ ሌላ 150። ሻጩም ይህን ያውቃል። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) የግመልና የበግ ጡት ሳይታለብ አስረው ብዙ ወተት ያላት አስመስለው ከመሸጥ ከልክለው፣ ተታሎ የገዛ ሰው ካለበ በኋላ እንስሳዋን የመያዝ ወይም ከአንድ ሷዕ ተምር ጋር የመመለስ ምርጫ እንዲኖረው ፈርደዋል። ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት ነው። ተምሩ ገዢው ለጠጣው ወተት ነው። እዩ እንግዲህ፦ የተታለለው ሰው የመመለስ መብት አገኘ፤ በመሃል የተጠቀመው ነገር ግን ለሻጩም ተቆጠረለት። ሒሳቡ በሁለቱም ወገን ይፋ ነው።

ለራያ ልጅ ይህ ነገር በቴሌግራም የመጣ አይደለም። በቆቦ–ጊራና ሸለቆ፣ በሆርማትና በጎሊና በኩል፣ በጉድጓድ ውኃ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለማ ዘመድ የሌለው ከመካከላችን ጥቂት ነው። ደላላ ማሳ ድረስ ይመጣል። «አዲስ አበባ ዋጋው ይህን ያህል ነው» ይላል፤ ከዚያ የመኪናውን፣ የጫኙን፣ የኬላውን፣ መንገድ ላይ የሚበላሸውን ይቀንሳል። የቀረው የገበሬው ነው። መኪናው በእውነት ስንት እንደተከራየ ገበሬው የሚያይበት መንገድ የለም። ሽንኩርቱ ደግሞ ተነቅሏል፤ ፀሐይ ላይ ነው፤ «ሌላ ገዢ ልጠብቅ» የሚባልበት አይደለም። የእኔ ብር ሻጩ እጅ እንደገባው ማለት ነው። ስንገዛ መንገዱ ዋጋው ላይ ይደመርብናል፤ ስንሸጥ ከዋጋው ላይ ይቀነስብናል። ርቀቱ እውነት ነው፤ ጂኦግራፊን ማንም አልጠላም። የምለው ሁለቱንም ጊዜ ቁጥሩን የሚያውቀው ሌላው ወገን ብቻ ነው።

ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሸቀጥ ጭነው የሚመጡ ቅፍለቶችን ገበያ ከመድረሳቸው በፊት መንገድ ላይ ወጥቶ መቀበልን ከልክለዋል። ሙስሊም በዘገቡት ላይ ደግሞ እንዲህ የተገዛበት ባለ ሸቀጥ ገበያ ገብቶ ዋጋውን ሲያውቅ ሽያጩን የማፍረስ ምርጫ አለው። መድረሳ እያለሁ ይህን ስቀራ የመካና የመዲና የጥንት ታሪክ ይመስለኝ ነበር። ቅፍለቱ በአይሱዙ መተካቱን፣ መንገድ ላይ የሚጠብቀው ሰውም ስልክ መያዙን ያስተዋልኩት ዘግይቼ ነው።

እስካሁን ሌላውን ወቀስኩ፤ አሁን ወደ ራሴ። ባለፈው ሰኔ አንድ የዶርም ጓደኛዬ የድሮዊንግ ቦርዱን በተማሪዎች ግሩፕ ለጨረታ አወጣ። «ዋጋ አንሳልኝ» አለኝ። ሁለት ጊዜ አነሳሁለት። ልገዛው አይደለም፤ የራሴ አለኝ። አንድ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ መጀመሪያ ከጠራው ዋጋ 150 ብር ጨምሮ ወሰደው፤ እኛም ስቀን አለፍን። ይህ ስሙ ነጅሽ ነው፤ ለመግዛት ሳያስቡ ሌላውን ለማስጨመር ዋጋ ማንሳት። ከኢብን ዑመር (ረ.ዐ.) በተላለፈው ሐዲስ በግልጽ የተከለከለ ነው። ሽያጩ ይጸናል አይጸናም በሚለው ዑለሞች ተለያይተዋል፤ ሐራም መሆኑ ላይ አልተለያዩም። ጨረታ ራሱ ግን ሐራም አይደለም። ሁለት ሰዎች ዋጋ ተስማምተው ሳሉ መሃል ገብቶ መጨመርና ሻጩ ገና «ማን ይጨምራል?» እያለ መጨመር የተለያዩ ናቸው፤ ብዙኃን ፉቀሃ ሁለተኛውን ፈቅደዋል። መስጂድ ሲሠራ በስጦታ የመጣ በግ ለጨረታ ቀርቦ ሰው እየተሽቀዳደመ ሲጨምር ያየነው ሁሉ ከዚህ ነው። ልዩነቱ እዚያ የሚጨምረው ሰው ከኪሱ መክፈሉ ነው።

ከካልኩሌተሩ ነገር በኋላ ጓደኛዬን ይዤ ልጁን ፈልገን 150 ብሩን መለስንለት። ሲያየን መጀመሪያ ቦርዱን ልንቀበለው የመጣን መስሎት ከጀርባው ደብቆት ነበር።

አሁን ተመራቂዎቻችን ፍራሽ፣ መጽሐፍ፣ ካልኩሌተር መሸጥ የሚጀምሩበት ጊዜ ደርሷል። ከፊሉ የሚሸጠው እዚሁ ግቢ ነው፤ ከፊሉ ግን ወደ ቆቦ፣ ወደ አላማጣ፣ ወደ ደሴ ይላካል። ቢያንስ በእኛ ጀመዓ ግሩፕ ውስጥ ዕቃ የሚያወጣ ሰው ዕቃው የት እንዳለና መላኪያውን ማን እንደሚከፍል በመጀመሪያው መልእክት ይጻፍ። ከሁሉ የሚሻለው ተቀባዩ ራሱ ለረዳቱ ቢከፍል ነው፤ ሻጩ ዋጋውን ከረዳቱ ጋር ተነጋግሮ ለገዢው ይነግረዋል፣ ገንዘቡ ግን በሻጩ እጅ አያልፍም። ረዳቱ መድረሻው ላይ «ጨምር» እንዳይል ሁለቱ በስልክ ቢገናኙ ጥሩ ነው። የዕቃውን ዋጋ ደግሞ ዕቃው እስኪደርስ ድረስ ሁለቱም የሚያምኑት ሦስተኛ ሰው ቢይዘው ይቻላል። የግሩፑ አድሚን በራሱ ጨረታ ላይ አይፍረድ። «አንሳልኝ» የሚል ጓደኛ ያለው ሰው ደግሞ መልሱን ያውቃል።

ይህን በደንብ ጽፈን ግሩፑ ላይ ከመለጠፋችን በፊት ሐሙስ ከዐስር ሰላት በኋላ መስጂዱ በር ላይ እንነጋገር። በተለይ ሸጣችሁ የምታውቁ ኑ፤ ረዳቶቹ ዘንድሮ ስንት እንደሚቀበሉ የምታውቁት እናንተ ናችሁ።